ስም ትርጉሙን ከየት ያገኛል?
ስለ ሌክሲካልና ስለ ዳይናሚክ ስኮፕ፤ በተለይም ፈንክሽን ለሚቀበሉ ላይብረሪዎች

በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ አንድ ስም በተገኘ ጊዜ ያ ስም የሚያመለክተው ዋጋ ከየት ይፈለጋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሊስፕ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሥራው ከተጀመረበት ከ1958 ወዲህ ሊቃውንትን በሁለት ወገን ከፍሎ ያከራከረ፤ ዛሬም ላይብረሪ የሚሠራ ሰው ሁሉ ወደደም ጠላ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ላይብረሪ ስንል ሌሎች ፕሮግራም ጸሐፊዎች እንዲገለገሉበት የተዘጋጀ የፈንክሽኖች ስብስብ ማለታችን ነው። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ የምናስረዳው ሁለቱ መልሶች ምን ምን እንደ ሆኑ፤ ፈንክሽንን እንደ ማናቸውም ዕቃ የሚቀበልና የሚሰጥ ላይብረሪ በየትኛው መልስ ላይ መቆም እንደሚገባው፤ ሌላውም መልስ ቢሆን ጨርሶ የማይጣልበትን ምክንያት ነው።

ነገር በምሳሌ፤ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፤ ወደ ፕሮግራም ከመግባታችን በፊት ጉዳዩን በራሳችን ቋንቋ እንየው። አንድ ሰው «ዕቃውን ከቤቴ ውሰድ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ በመልእክተኛ ላከ እንበል። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተቀባዩ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው «ቤቴ» የሚለው ቃል የሚወጣው ከመልእክተኛው አፍ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃውን ሊያመጣ ወደ መልእክተኛው ቤት የሚሄድ ሰው የለም። ቃሉ ትርጉሙን ይዞ የመጣው ከተጻፈበት ስፍራ ነውና። አማርኛችን በዚህ ረገድ ለውጭ አገር የቋንቋ ተመራማሪዎች ሳይቀር ምሳሌ ሆኗል። «ልጁ ጀግና ነኝ ይላል» ስንል «ነኝ» የሚለው ቃል ነገሩን የምናወራውን እኛን ሳይሆን የቃሉን ባለቤት ልጁን ያመለክታል። ፊሊፕ ሽሌንከር የተባሉ የቋንቋ ሊቅ በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህን የአማርኛ ጠባይ ከዋና ዋና ማስረጃዎቻቸው አንዱ አድርገው አቅርበውታል። እንግዲህ በላይብረሪና በተጠቃሚው መካከል ያለው ነገር ሁሉ የደብዳቤና የመልእክተኛ ጉዳይ መሆኑን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

1. ሁለቱ መንገዶች

ፈንክሽን በውስጡ የራሱ ያልሆነ ስም ሊጠቀም ይችላል። ለምሳሌ «ነን ተቀብሎ ነ ሲደመር ቍጥር የሚመልስ» ፈንክሽን ብንጽፍ፤ «ነ» የፈንክሽኑ የራሱ መቀበያ ስም ነው፤ «ቍጥር» ግን ከውጭ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው ስም ነፃ ስም ይባላል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ነፃው ስም ነው።

አንደኛው መንገድ ሌክሲካል ስኮፕ ይባላል። በዚህ መንገድ የነፃው ስም ዋጋ የሚፈለገው ፈንክሽኑ በተጻፈበት ገጽ፤ በዙሪያው ካለው ጽሑፍ ውስጥ ነው። አንባቢው ጣቱን በስሙ ላይ አድርጎ ወደ ላይ እያነበበ ቢሄድ ስሙ የተሰየመበትን መስመር ያገኘዋል። ፕሮግራሙን ማስኬድ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መንገድ ዳይናሚክ ስኮፕ ይባላል። በዚህኛው የነፃው ስም ዋጋ የሚፈለገው ፈንክሽኑን በዚያች ሰዓት ከጠራው ዘንድ ነው። ጠሪው ያን ስም ካልሰየመ የጠሪው ጠሪ ይጠየቃል፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስሙን ከሁሉ በኋላ የሰየመውና ሥራውን ገና ያልጨረሰው ጠሪ ያሸንፋል። ስለዚህ ያው አንድ ፈንክሽን በተጠራበት ቦታ ሁሉ ልዩ ልዩ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

2. በቍጥር የተደገፈ ምሳሌ

አንድ መምህር የሦስት ተማሪዎችን ውጤት ይዞ ለእያንዳንዱ 10 ነጥብ ሊጨምር ፈለገ እንበል። ውጤቶቹ 41፣ 52 እና 63 ናቸው፤ ማለፊያውም 50 ነው። መምህሩ ሌላ ሰው ካዘጋጀው ላይብረሪ ውስጥ «ለእያንዳንዱ» የሚባለውን ፈንክሽን ያገኛል። ይህ ፈንክሽን አንድ ፈንክሽንና አንድ ዝርዝር ተቀብሎ፤ የተሰጠውን ፈንክሽን በዝርዝሩ አባል ሁሉ ላይ እየጠራ መልሶቹን ይሰበስባል። መምህሩ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

ቍጥር ይሁን 10
ለእያንዳንዱ (ፈንክሽን (ነ) ነ + ቍጥር) (41 52 63)

የሚጠበቀው መልስ 51፣ 62፣ 73 ነው። ሌክሲካል ስኮፕ ባለው ቋንቋም መልሱ ይኸው ነው። አሁን ግን ቋንቋው ዳይናሚክ ስኮፕ የሚከተል ይሁን። ደግሞም የላይብረሪው ጸሐፊ በ«ለእያንዳንዱ» ሆድ ውስጥ የአባላቱን ተራ የሚቈጥርበት «ቍጥር» የሚባል የራሱ ስም አለው እንበል፤ ከ0 ይጀምራል፤ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላም አንድ ይጨምራል። የመምህሩ ፈንክሽን በተጠራ ጊዜ «ቍጥር» ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ቀድሞ የሚያገኘው ጠሪውን ነው። ጠሪው ደግሞ ላይብረሪው ነው። መልሱም 41 ሲደመር 0፣ 52 ሲደመር 1፣ 63 ሲደመር 2 ይሆንና 41፣ 53፣ 65 ተብሎ ይወጣል።

አንባቢ ሦስቱን ቍጥሮች በጥሞና ይመልከት። ኮምፒዩተሩ ስሕተት አለ ብሎ አልጮኸም፤ ፕሮግራሙም አልቆመም። መልሶቹ ውጤት ይመስላሉ። ነገር ግን 51 አግኝቶ ማለፍ የሚገባው የመጀመሪያው ተማሪ በ41 ወድቋል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተዘጋጀ እንደ ሆነ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጐዳው ስሙ በመጀመሪያው ፊደል የሚነሣው ልጅ ነው ማለት ነው። ጥፋተኛው ማን ነው ቢባልስ? የመምህሩ ጽሑፍ ለብቻው ቢመረመር እንከን የለውም። የላይብረሪውም ጽሑፍ እንዲሁ። ጥፋቱ የተወለደው ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ነው።

መምህሩ ነገሩን ደርሶበት ስሙን «ጭማሪ» ብሎ ቢለውጠው መልሱ ይስተካከላል። ይሁን እንጂ ይህ መዳን ለጊዜው ነው። የላይብረሪው ጸሐፊ በሚቀጥለው እትም ቍጥሩ የሚያድግበትን መጠን «ጭማሪ» ብሎ ቢሰይምና ዋጋውን 1 ቢያደርገው፤ መምህሩ አንዲት ፊደል ሳይነካ መልሱ 42፣ 53፣ 64 ይሆናል። ልጁ እንደ ገና ይወድቃል።

ከዚህ የምናገኘው ዋና ፍሬ ይህ ነው፤ ዳይናሚክ ስኮፕ በነገሠበት ቋንቋ ፈንክሽን የሚቀበል ላይብረሪ ምሥጢር ሊኖረው አይችልም። በሆዱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ስም፤ ጸሐፊው ለጊዜያዊ ሥራ ብቻ የሰየመው እንኳ ሳይቀር፤ ከተጠቃሚው ጋር ያለው ውል አካል ይሆናል። ተጠቃሚው ያልተነገረውን ማወቅ፤ ጸሐፊውም ያላሰበውን ማክበር ግዴታ ይሆንባቸዋል።

3. ነገሩ እንዴት ተጀመረ

የሊስፕ መሥራች ፕሮፌሰር ጆን ማካርቲ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሠሩ፤ ፈንክሽንን ያለ ስም የመጻፍን ዘዴ የወሰዱት አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ካቋቋሙት የላምዳ ሒሳብ ነው። በላምዳ ሒሳብ ውስጥ ስም የሚታሰረው በጽሑፉ ነው። ሊስፕን በኮምፒዩተር ላይ የሚያስኬደው የመጀመሪያው ፕሮግራም ግን የስሞችን ዋጋ በአንድ ዝርዝር ላይ እየደረበ፤ ስም በተፈለገ ጊዜ ከላይ ጀምሮ የሚፈልግ ነበር። ከዚህም የተነሣ ዳይናሚክ ስኮፕ ማንም ሳይመርጠው ተገኘ።

ጕዳቱ የታወቀው ጄምስ ስሌግል ፈንክሽንን ለሌላ ፈንክሽን የሚያቀብል ፕሮግራም ጽፈው ያልጠበቁት መልስ በወጣ ጊዜ ነው። ማካርቲ በ1978 ስለ ሊስፕ ታሪክ ባቀረቡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፤ የተፈለገው ሌክሲካል ስኮፕ ሲሆን የተገኘው ዳይናሚክ ስኮፕ ነበር፤ እርሳቸውም በዚያን ጊዜ ነገሩን ስቲቭ ራስል በቅርቡ የሚያርሙት ተራ ጕድለት አድርገው ቈጥረውት ነበር። ጕድለቱ ግን ተራ አልነበረም። ሊቃውንቱ «የፈናርግ ችግር» ብለው ሰየሙት፤ ይኸውም የፈንክሽን አቀባበል ችግር ማለት ነው። ጆኤል ሞዝስ በ1970 ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጻፉለት።

መፍትሔው በሐሳብ ደረጃ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። እንግሊዛዊው ፒተር ላንዲን በ1964 ፈንክሽን ከተጻፈበት ስፍራ የስሞች ዋጋ ጋር አንድ ላይ ተጠቅልሎ መጓዝ እንዳለበት አስረዱ፤ ጥቅሉንም «ክሎዠር» አሉት። ክሎዠር ማለት እንግዲህ ጸሐፊው «ቤቴ» ያለው የትኛው ቤት እንደ ሆነ በፖስታው ውስጥ አብሮ የታሸገበት ደብዳቤ ነው። በ1975 ጄራልድ ሳስማንና ጋይ ስቲል ስኪም የተባለውን ቋንቋ ሲሠሩ ሊስፕን በሌክሲካል ስኮፕ ላይ አቆሙት። በ1984 ጋይ ስቲል ባሳተሙት የኮመን ሊስፕ መጽሐፍም ሌክሲካል ስኮፕ መደበኛው ሕግ ሆነ።

4. የላይብረሪ ጸሐፊዎች መከላከያ

ዳይናሚክ ስኮፕ ረዥም ዕድሜ ካገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ግኑ ኢማክስ በ1985 ለሕዝብ ሲወጣ የራሱ ሊስፕ በሙሉ ዳይናሚክ ነበር። በ1993 ዴቭ ጊሌስፒ የኮመን ሊስፕን ፈንክሽኖች ለኢማክስ በላይብረሪ መልክ ሲያዘጋጁ፤ ፈንክሽን የሚቀበሉት የላይብረሪው ክፍሎች ውስጣዊ ስሞቻቸው በ«ሲኤል» ቅጥያ እንዲጀምሩ አደረጉ። ምክንያቱን ከላይ አይተናል፤ ተጠቃሚው «ዝርዝር» ወይም «ፈንክሽን» የሚል ስም ቢጠቀም ከላይብረሪው ስም ጋር እንዳይጋጭ ነው።

ይህ ዘዴ የሚያስመሰግን ቢሆንም አጥር እንጂ ግንብ አይደለም። ቅጥያው ላይብረሪውን ከተጠቃሚው ይጠብቀዋል፤ ከራሱ ግን አይጠብቀውም። የላይብረሪው አንድ ክፍል ባለ ቅጥያውን ስም የሚጠቅስ ፈንክሽን ሠርቶ፤ ያንኑ ስም ለሚጠቀም ለሌላው ክፍል ቢያቀብለው የመምህሩ ዕጣ ይደርስበታል።

ከዚህ የከፋም አለ። እስካሁን ያየነው ፈንክሽን ወደ ውስጥ ሲገባ የሚደርሰውን ነው። ፈንክሽን ተሠርቶ ወደ ውጭ ሲመለስስ? «ደማሪ» የሚባል ፈንክሽን «መጠን» ተቀብሎ፤ «ነን ተቀብሎ ነ ሲደመር መጠን» የሚለውን ፈንክሽን ይመልስ። «ደማሪ 5» ብለን ያገኘነውን ፈንክሽን ቈይተን በ3 ላይ ብንጠራው 8 ልናገኝ ይገባል። በዳይናሚክ ስኮፕ ግን «ደማሪ» ሥራውን ጨርሶ በወጣ ጊዜ «መጠን» አብሮት ጠፍቷል። ወይ ስሙ ዋጋ የለውም ተብሎ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ወይም የማናውቀው ጠሪ «መጠን» ብሎ የሰየመውን ያነሣል። ሁለት ፈንክሽኖችን አጋጥሞ ሦስተኛ መሥራት፤ ከፊል ግብዓት ይዞ የቀረውን የሚጠብቅ ፈንክሽን ማዘጋጀት፤ የፈንክሽናል ፕሮግራም መሠረት የሆኑት እነዚህ ሥራዎች ሁሉ በዚህ ምክንያት ይሰናከላሉ። ጊሌስፒም ለዚሁ ሲሉ «ሌክሲካል ሌት» የሚባል ማስተካከያ በላይብረሪያቸው ውስጥ ጨምረው ነበር። በመጨረሻ በ2012 የወጣው 24ኛው የኢማክስ እትም፤ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ለሚጠይቅ ጸሐፊ ሌክሲካል ስኮፕን ከቋንቋው መሠረት ሰጠ።

5. የዳይናሚክ ስኮፕ እውነተኛ ጥቅም

ሚዛናችን እንዳያጋድል የሌላውንም ወገን ቃል መስማት ይገባናል። የኢማክስ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን በ1981 ባወጡት ጽሑፍ ዳይናሚክ ስኮፕን በግልጽ ደግፈው ተከራክረዋል። አሳባቸው በአጭሩ፤ ተጠቃሚ እንዲያሰፋው ተብሎ በተሠራ ፕሮግራም ውስጥ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ መቀበያ ያላበጀለትን ጠባይ ኋላ የመጣው ሰው ለጊዜው መለወጥ መቻል አለበት የሚል ነው።

ምሳሌው በእጃችን ነው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ቅርጽ አለው። በኢማክስ ውስጥ ፍለጋ ሲደረግ ሁለቱን ቅርጾች መለየት አለመለየቱን የሚወስን «ኬስ ፎልድ ሰርች» የሚባል ዳይናሚክ ስም አለ። ይህን ስም ለአንዲት ሥራ ያህል ብቻ «ሐሰት» ብሎ የሰየመ ሰው፤ በዚያች ሥራ ውስጥ የሚደረጉት ፍለጋዎች ሁሉ በስንት ፈንክሽን ሥር ቢቀበሩ እንኳ ቅርጾቹን ይለያሉ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንዲሁም በኮመን ሊስፕ ቍጥር የሚታተምበትን መሠረት የሚወስን ስም አለ፤ ለጊዜው 2 ብንለው 10 የተባለው ቍጥር 1010 ሆኖ ይታተማል። ይህ ባይኖር ኖሮ መሠረቱን ከላይኛው ፈንክሽን እስከ ታችኛው ድረስ፤ ጉዳዩ በማይመለከታቸው መካከለኛ ፈንክሽኖች ሁሉ እጅ ማቀባበል ግድ ይሆን ነበር።

ኮመን ሊስፕ ሁለቱን ያስታረቀበት መንገድ አስተማሪ ነው። ስም ሁሉ ሌክሲካል ነው፤ ዳይናሚክ የሚሆነው ጸሐፊው ወዶና አውቆ ያወጀው ብቻ ነው። በልማድም እንዲህ ያለው ስም ከፊትና ከኋላው ኮከብ ይደረግበታል፤ አንባቢ ከሩቅ እንዲያውቀው ነው። ክሎዠር የተባለው የ2007 ቋንቋም (ስሙ ከላንዲን ጥቅል ጋር ቢመሳሰልም ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው) ከ2011ዱ እትም ጀምሮ ዳይናሚክ ስም በግልጽ እንዲታወጅ አስገድዷል። በ2013 የጸደቀው የስኪም ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር «ፓራሜትር» ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል።

ታውጆም ቢሆን አንድ ወጥመድ ይቀራል። በክሎዠር ቋንቋ «ለእያንዳንዱ»ን የሚመስለው ፈንክሽን ሰነፍ ነው፤ መልሱ እስኪፈለግ ድረስ አይሠራም። አንድ ሰው ዳይናሚክ ስምን ለጊዜው ለውጦ ይህን ፈንክሽን ቢጠራና መልሱን ይዞ ቢወጣ፤ ሥራው የሚሠራው ስሙ ወደ ቀድሞ ዋጋው ከተመለሰ በኋላ ይሆናል። ሌክሲካል ስም ግን በጥቅሉ ውስጥ ስለ ታሸገ፤ ሥራው ዛሬም ይሠራ ነገ አይለወጥም።

6. ለላይብረሪ ሠሪ የሚሆን ደንብ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉትን አራት ደንቦች እናወጣለን።

አንደኛ፤ ፈንክሽን የሚቀበል ወይም የሚመልስ ላይብረሪ በሌክሲካል ስኮፕ ላይ ይቁም። ቋንቋው ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ምርጫው በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ ዳይናሚክ ስም ጥቂት ይሁን፤ ይታወጅ፤ ምልክት ይደረግበት፤ ማንም ባይነካው የሚያገለግል ደኅና መነሻ ዋጋ ይኑረው። በላይብረሪው መግለጫ ውስጥ ያልተጻፈ ዳይናሚክ ስም አይኑር።

ሦስተኛ፤ ዳይናሚክ ስም የሥራውን አኳኋን እንጂ የሒሳቡን መልስ አይወስን። ቍጥር በምን መሠረት ይታተም፤ ጽሑፉ ወዴት ይውጣ፤ ይህን ለመሰለው ይሁን። ለተማሪው ውጤት ስንት ነጥብ ይጨመር የሚለው ግን በግልጽ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጥ ግብዓት መሆን አለበት።

አራተኛ፤ ላይብረሪው ሥራን የሚያዘገይ ከሆነ፤ የዳይናሚኩን ስም ዋጋ ትእዛዙን በተቀበለበት ሰዓት አንብቦ በሌክሲካል ስም ይያዘው።

ሌክሲካል ስኮፕ ዋጋ አያስከፍልም አንልም። ክሎዠር ስሞቹን ይዞ ስለሚኖር፤ ፈንክሽኑ አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ከመታሰቢያው ስፍራ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ሊስፖች ይህን ወጪ መፍራታቸው በዘመናቸው መሣሪያ አነስተኛነት ይገባናል። ነገር ግን ላይብረሪ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚተማመኑበት ጽሑፍ ነው። እኛ ተማሪዎች ዛሬ ለክፍላችን ብለን የምንጽፈውን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት የስሞቻችንን ዝርዝር ሳይጠይቁን ይወርሱታል። የዚያ የመጀመሪያው ልጅ 51 ተመዝጋቢው በማያውቀው፤ መምህሩም ባላየው አንድ ስም ምክንያት 41 እንዳይሆን፤ የስም ትርጉም በተጻፈበት ገጽ ላይ ይገኝ እንላለን።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በየቋንቋው ያገኙትን ተጨማሪ ምሳሌ ቢያካፍሉን፤ በተለይም ሥራን የሚያዘገዩ ላይብረሪዎችን በሚመለከት፤ ጥናቱን ለመቀጠል ይረዳናል።